የቦኖዋ ሳምራዊት

ደብሪቱ በአማኑኤል ከተማ ልብስ ሰፊ ናት። ባሏ አበባው የሥዕል መምህር ነው፤ ከትምህርት ቤት መልስ የመጽሐፍ ቅዱስን ታሪክ በአገሬው መልክ ይሥላል። የሚሥላቸው ሰዎች ዐይናቸው እንደ ጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጎላ ጎላ ያለ፣ ልብሳቸው ግን ጋቢና ነጠላ፣ ዕቃቸውም ቢጫ ጀሪካን ነው። በአሥራ አንድ ዓመት ትዳር አንድም ቀን እሷን ሥሏት አያውቅም። እሷም ሥለኝ ብላው አታውቅም።

አምና ደብረ ማርቆስ ላይ ዐውደ ርእይ ሲያሳይ፣ አዲስ ቀሚስ ሰፍታ ለብሳ አብራው ሄደች። ገና ከበሩ የሳምራዊቷ ሴት ሥዕል ተቀበላት። ክርስቶስ ጋቢውን ተከናንቦ ከቦኖው አጠገብ ተቀምጧል፤ ሴቲቱ ውኃ ትቀዳለች። ፊቷ የእየሩስ ነው፤ ከቤታቸው ፊት ለፊት ሱቅ ያላት ጎረቤታቸው።

«እየሩስ አይደለችም እንዴ?» አለችው።

«ፊቷ ለሥዕል ይመቻል» አላት ሳያስበው።

«የኔስ?»

አበባው ዞሮ የተንጋደደ ሥዕል ማቃናት ጀመረ።

ከዚያ ወዲህ ደብሪቱ ከእየሩስ ሱቅ ጨው እንኳ መግዛት ተወች። እሱ ክብሪት ልግዛ ብሎ ሲወጣ እስኪመለስ በመስኮት ታያለች። ደንበኞቿ ሲሄዱላት መስታወቱ ፊት ቆማ ጉንጯን ትዳብሳለች።

አንድ ቅዳሜ አልችል ብላ እየሩስ ሱቅ ገባች። አፏን ሳትከፍት እየሩስ ቀደመቻት።

«እስቲ ባልሽን አንድ በይልኝ! ምን በድዬው ነው ባለ አምስት ባሏን ሳምራዊት ያደረገኝ? አንዱንስ መች አገኘሁት! ሥዕሉን ያየ ገበያተኛ ሁሉ ‹ስድስተኛው ማነው?› እያለ ይሥቅብኛል።»

ደብሪቱ የመጣችበት ጠፋት። «እኔንማ ለዚያም አላጨኝ» አለች። ሁለቱም ሣቁ፤ ደብሪቱ ግን ሣቋ ቶሎ እንባ ሆነ።

ቤት እንደገባች የእየሩስንም የራሷንም ቅሬታ ለአበባው ነገረችው።

«አንቺን ጎንበስ ብለሽ ስትሰፊ ነው የማይሽ» አላት ደንግጦ። «ጣቢታ አድርጌ ልሣልሽ። ለመበለቶች ልብስ የምትሰፋዋ።»

«ባሎቿ ስንት ናቸው?»

«አልተጻፈም።»

«እንግዲያው ይሁን።»

ሦስት እሑድ ከሰዓት ተቀመጠችለት። ሥዕሉ ሲያልቅ የግንባሯን መስመር አይታ «አስረጀኸኝ» አለችው፤ ግን ስፌት ቤቷ ውስጥ ራሷ ሰቀለችው። የሳምራዊቷንም ፊት አበባው ከምናቡ ፈጥሮ ቀየረው።

ቅናቱ ጨርሶ አልለቀቃትም። አሁን ሩትን ልሥል ነው ሲላት የስፌት መኪናዋን አቁማ «በማን ፊት?» አለችው።