ለፈረስ ለቅሶ የመጣ ሰው

አያ ቸኮለ ፍኖተ ሰላም ላይ ጋሪ ሲነዱ ነው ያረጁት። ትውልዳቸው ከቡሬ ማዶ፣ ከአገው ቤት ነው፤ የፈረስ ፍቅራቸውንማ ተዉት! ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ የሚያወጉት ከፈረሳቸው ከዳማው ጋር ብቻ ነበር። ቀኑን ሙሉ የሆነውን ይነግሩትና «አይደለም እንዴ?» ይሉታል። ሰፈሩ ይስቅባቸዋል። እሳቸው እቴ፣ ምን ገዷቸው!

ሰኔ ላይ አንድ ማለዳ ዳማው መንገድ ዳር ታስሮ ሲግጥ አንድ ነጂ ገጭቶት አመለጠ። ያየ የለም። ክፉኛ ተጎድቶ ነበርና ቀትር ሳይደርስ ሞተ። አያ ቸኮለ አጠገቡ የተበተነውን የመብራት መስታወት እያለቀሱ ለቀሙት፤ በመሐረብ ቋጥረውም ፖሊስ ጣቢያ ወሰዱት።

መርማሪዋ ያይኔአበባ ስባሪውን እያገላበጠች አየችው። የባጃጅ መብራት መሆኑን ነገረቻቸው። መስታወት ቢቀበር አይበሰብስም፤ ሁለት መስታወትም አንድ ዓይነት ሆኖ አይሰበርም። ስለዚህ የተሰበረው መብራት ከተገኘና ጠርዝ ለጠርዝ ከገጠመ፣ ከሰው ምስክር አያንስም አለቻቸው። አያ ቸኮለ ትልቁን ስባሪ ግን አልሰጧትም። ከዳማው የቀራቸው እሱ ነው ብለው ኪሳቸው ከተቱት።

ለፈረስ ለቅሶ የሚቀመጥ የለም። ሰዉ መንገድ ላይ ሲያገኛቸው «በሰው አይምጣ» ብሎ ያልፋል። ቤታቸው ድረስ የመጣ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ባምላኩ የሚባል ከወዲያኛው ሰፈር ያለ ባጃጅ ነጂ። ባጃጄ መለዋወጫ ዕቃ ጠፍቶላት ቆማለች እያለ፣ አመሻሽ ላይ በእግሩ ይመጣል። ቆሎውን መሀል አድርጎ መደቡ ላይ ይቀመጥና ስለ ዳማው ሲያወሩ እስኪጨርሱ ይሰማል። አንዳንዴም ዓይኑ እንባ ያቀርራል። እናንተ እንግዲህ ጠርጥራችኋል። ሰው የራበው ሰው ግን ከየት አምጥቶ ይጠርጥር? አያ ቸኮለ ወደዱት።

ከዚያ ባምላኩ ድንገት ቀረ። አያ ቸኮለ በር በሩን ሲያዩ ሰነበቱ። ታሞ ይሆናል ብለው ሊጠይቁት ሄዱ። ግቢው ውስጥ ባጃጇ ሸራ ለብሳ ቆማለች፤ ነፋስ የሸራውን ጫፍ ገልቦት ኖሮ የተሰበረ መብራቷን አዩት።

እጃቸው ኪሳቸው ገባ። ባይገጥም ምናለ እያሉ ስባሪውን አስጠጉት። ጠርዙ ጠርዙን አገኘ፤ በመስታወቱ ላይ ያለው መስመርም ሳይዛነፍ ቀጠለ።

ቀና ሲሉ ባምላኩ ጋቢ ተከናንቦ ደጃፉ ላይ ቆሟል፤ ትኩሳት ያንቀጠቅጠዋል። አላስተባበለም።

«አያ ቸኮለ፣ ሁልጊዜ የምመጣው ልነግርዎ ነበር» አለ። «እርስዎ ደግሞ ስለ እሱ ማውራት ይጀምራሉ።»

አያ ቸኮለ ስባሪውን አጥብቀው ከመያዛቸው የተነሳ መዳፋቸው ደምቷል። በዱላቸው አናቱን ሊሉት ቃጣቸው። ጣቢያው እዚሁ ቅርብ ነው፤ ይህችን ስባሪ ይዘው ቢሄዱ ነገሩ አለቀ። ዳማውን አሰቡ። ከዚያ ቤታቸውን አሰቡ፤ አመሻሹን፣ ባዶውን መደብ። አለቀሱ።

«ሲሻልህ» አሉ፣ «ሲሻልህ ትመጣለህ?»