የግንበኛው የቡዓለም ቤት

ቡዓለም ካዝባህ በሚባለው የአልጀርስ አሮጌ ሰፈር የታወቀ ግንበኛ ነው። ከሙያው ይልቅ ስሙን ያስጠራው ግን ግትርነቱ ነው። የሰፈሩ ሰዎች አሮጌ ቤቶችን ለማዳን ባቋቋሙት ማኅበር ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያለ ክፍያ ሠርቷል። ያዘመመውን በእንጨት ይደግፋል፣ የተሰነጠቀውን በኖራ ይደፍናል፤ አሮጌ ግድግዳ የሚጎዳውን ሲሚንቶ ይዞ የመጣ ሰው ካየ ቁርሱን አቋርጦ ይጣላል። "ይህ ቤት አልቆለታል" የሚል ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ቤቶቹን የሚመረምሩት መሐንዲሶች እንኳ ክርክሩ ስለሰለቻቸው፣ ገና ከመጀመሪያው "ዓሚ ቡዓለም ምን ይላሉ?" ብለው መጠየቅ ለምደዋል፤ "ዓሚ" በእነሱ ቋንቋ "አጎቴ" ማለት ነው።

የራሱን ቤት ግን ነክቶት አያውቅም። ጊዜ የለኝም ይላል። ሚስቱ ዝሁር ሃምሳ ስምንት ደረጃ ስትወጣና ስትወርድ ኖራ ጉልበቷ አልቋል። ደረጃዎቹም እንደ አሮጌ ጥርስ ይነቃነቃሉ።

መሐንዲሶቹ አንድን ቤት "ቀይ" ካሉት ይዘጋል፤ ነዋሪው ከከተማው ዳር አዲስ አፓርታማ ይሰጠዋል። "ቢጫ" ካሉት ይጠገናል፤ ነዋሪውም ባለበት ይቀራል። ዝሁር የምትመኘው ቀዩን ነው። እህቷ ሊፍት ያለው ሕንፃ ከገባች ወዲህ ዝሁር ሌላ ወሬ የላትም።

የእነሱ ቤት የምርመራ ተራ ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው ባሏን ያዘችው።

"ነገ ሰውየው ሲመጣ ምን ልትለው ነው?"

"ያለውን ነዋ።"

"ያለውንማ እኔም አውቀዋለሁ። ለአገሩ ቤት ሁሉ ጠበቃ ስትቆም ኖረሃል። አንድ ቀን እንኳ ለእኔ ጉልበት ቁምልኝ።"

እውነቷን ነበር።

መሐንዲሱ ሰኞ ረፋዱ ላይ መጣ። ስንጥቁን አየ፣ ደረጃውን በእግሩ ሞከረ፣ ጣሪያውን አንጋጦ ተመለከተ።

"ዓሚ ቡዓለም፣ ምን ይሉኛል? ይድናል?"

ቡዓለም ግድግዳውን በጣቶቹ አንኳኳ። ግድግዳው ደህና ነበር። ሦስት ወር ቢሠራበት የልጅ ልጆቹን ያኖራል። ዝሁር በሩ ላይ ቆማ ዓይኗን ከእሱ ላይ አልነቀለችም።

"አልቆለታል" አለ።

መሐንዲሱ ቀና ብሎ አየው። "እርስዎ ካሉማ ማን ይከራከራል?" አለና "ቀይ" ብሎ ጻፈ። ዝሁር ወደ ውስጥ ገብታ መጋረጃ ማውረድ ጀመረች።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደግ ነበር። መሐንዲሱ ግን በመስኮቱ ወደ ጎረቤት ተመለከተ።

"ያኛው ደግሞ ይህንን ተደግፎ ነው የቆመው። ይህ ከሄደ እሱም አይቆምም። ቀይ።"

ያኛው ቤት የልብስ ሰፊዋ የፋጢሓ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ከዚህ ቤት ሌላ ምንም የላትም፤ ደንበኞቿም ከዚያች ጠባብ መንገድ አይወጡም። ማኅበሩ ሁለት ዓመት ለፍቶ ነው ያደሰላት። ካዝባህ ውስጥ ለብቻው የሚቆም ቤት እንደሌለ ሕፃንም ያውቃል፤ ቡዓለምም በየስብሰባው ሲደሰኩርበት ኖሯል። በዚያች ሰዓት ግን ረስቶት ነበር።

"ሰርዘው" አለ።

"ምኑን?"

"ሁለቱንም። ዋሽቼሃለሁ። ቤቴ ይድናል።"

"ዓሚ ቡዓለም፣ እየቀለዱ ነው?"

"በቤት ቀልጄ አላውቅም። ቢጫ በል።"

ዝሁር መጋረጃውን እንዳቀፈች ሁሉንም ሰማች። አልጮኸችም፣ አልተራገመችም። አራት ቀን ሙሉ ግን አላናገረችውም። ምግብ ታቀርባለች፣ ሰሐን ታነሳለች፣ በቃ። ቡዓለም ብትሰድበው ይሻለው ነበር። እንደከዳት ያውቃል፤ እንደገና ቢጠየቅ ያንኑ እንደሚመልስም ያውቃል። አፈረ፣ አዘነላትም። ፋጢሓ ከምን እንደተረፈች እንኳ ሳታውቅ የስፌት መኪናዋን ታንኳኳለች።

ዓርብ ዕለት ዝሁር ኩስኩሱን አቀረበችና ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

"የሰው ቤት ስትጠግን ጠዋት በስንት ሰዓት ነው የምትጀምረው?"

"በአንድ ሰዓት።"

"እንግዲያው ነገ በአንድ ሰዓት እዚሁ ትገኛለህ። ማኅበሩም ተራውን ይጠብቅ።"

ቡዓለም ማንኪያውን አስቀመጠ። "ከየት ልጀምር?"

"ከደረጃው" አለችው።