ጋሽ ቅጣውና ግራኙ አማቻቸው

ጋሽ ቅጣው ወርቅአገኘሁ ሰቆጣ ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት አናጢ ነበሩ። በር፣ መስኮት፣ የፋይል መደርደሪያ፣ ሲያስፈልግም የሬሳ ሣጥን ሠርተዋል። በሰማንያዎቹ አጋማሽ ለሠራተኛው መዝናኛ የጠረጴዛ ቴኒስ ሥሩ ተባሉና ከኮምፔንሳቶ አንድ ጠረጴዛ ሠሩ። ኳስ ከየትኛውም ጥግ እኩል ይነጥርበታል። ጨዋታውንም የለመዱት ያንኑ ሲፈትሹ ነው፤ ኳሱ የት ጋ እንደሚሞት ለማወቅ ሲመቱ ሲመቱ ሳይታወቃቸው ተጫዋች ሆኑ።

1991 የጡረታ ዓመታቸው ነበር፤ ሰኔ ላይ ይወጣሉ። ሚያዝያ ላይ ደግሞ ባሕር ዳር የሠራተኞች ውድድር ይደረጋል ተባለ። ከዞናችን በጥንድ ጨዋታ የሚሄደው አንድ ጥንድ ብቻ ነው። ጋሽ ቅጣው ከወልድያ አልፈው አያውቁም።

"ለስብሰባ ሲሆን ኃላፊ ይላካል፣ ለሥልጠና ሲሆን ወጣት ይላካል። አናጢ የሚላክበት ይኸ ብቻ ነው" አሉ። እንደ ቀልድ ነበር የተናገሩት፤ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የምሳ ሰዓታቸውን አዳራሽ ውስጥ ማሳለፍ ጀመሩ።

አጣማሪያቸው ቢሆነኝ ነው፤ የልጃቸው የባንቺ ባል፣ የንብረት ክፍላችን ሠራተኛ። እግሩ ፈጣን ነው፣ ዓይኑም ጥሩ ነው። ችግሩ ሌላ ነበር። በጥንድ ጨዋታ አንዴ አንተ ትመታለህ፣ አንዴ አጣማሪህ ይመታል፤ የመታ ሰው ወዲያው ቦታ መልቀቅ አለበት። ሁለቱም በቀኝ እጃቸው የሚመቱ ከሆነ አንዱ በሌላው ፊት ማለፉ አይቀርም። ቢሆነኝ ደግሞ በአማቱ ፊት አያልፍም። በጀርባቸው ዞሮ ነው የሚመጣው። እሱ ዞሮ እስኪደርስ ኳሱ መሬት ነው።

"በፊቴ እለፍ እንጂ!" ይላሉ ጋሽ ቅጣው።

"እሺ ጋሼ" ይላል፤ ደግሞ በጀርባቸው ይዞራል።

"እሺ በል አላልሁህም። እለፍ ነው ያልሁህ።"

"እሺ ጋሼ።"

እንዲህ እያሉ ጥር አለቀ።

አንድ እሑድ ጋሽ ቅጣው ቤታቸው የአጥር በር ሲጠግኑ ቢሆነኝ ሊያግዛቸው መጣ። ሚስማር ሊያመጡ ወደ ውስጥ ገቡ። ሲመለሱ ልጁ መዶሻውን በግራ እጁ ይዞ ሦስት ሚስማር ቀጥ አድርጎ መትቶ ጨርሷል። ኮቴ ሲሰማ መዶሻውን ወደ ቀኙ አዛወረ። አራተኛው ሚስማር ተጣመመ።

"መልሰው" አሉ ጋሽ ቅጣው።

"ምኑን ጋሼ?"

"መዶሻውን። ወደነበረበት።"

ልጁ አንገቱን ደፋ። "ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሰው ሳይኖር ነው እንጂ…"

"ግራኝ ነህ?"

"ልጅ ሆኜ ነበርሁ።"

"አሁንስ ምን ሆነህ ነው ታዲያ?"

እያፈረ ነገራቸው። አባቱ መሪጌታ ገብረ አምላክ ፊደል ሲያስቆጥሩት ግራ እጁን በመቀነት ከወገቡ ጋር ያስሩት ነበር። በዚያው በቀኙ መጻፍና መብላት ለመደ። ጉልበትና ፍጥነት የሚጠይቅ ሥራ ግን እስካሁን የሚቀናው በግራው ነው፤ በአማት ፊት ግራ መዘርጋቱ ነውር መስሎት ደብቆ ኖረ።

ጋሽ ቅጣው በማግሥቱ አዳራሹን ቆልፈው የወለሉን ሲሚንቶ በጠመኔ አሰመሩት። በቀኝ የሚመታው በግራ በኩል ይቆማል፣ ግራኙ በቀኝ በኩል። ሁሉም መትቶ የሚወጣው በራሱ ወገን ነው፤ ማንም በማንም ፊት አያልፍም፣ በጀርባም አይዞርም። "ባለ ሁለት መዝጊያ በር ማለት ነው" አሉ። "አንዱ ወዲህ ይከፈታል፣ አንዱ ወዲያ። አይጋጭም።"

ሌላም ነገር አከሉ። "ለመግደል አትምታ። ባላጋራችን ሲመልሰው ለእኔ እንዲመቸኝ አድርገህ ምታ። እኔም ለአንተ እንደዚያው።" ይኸኛው ከእግሩ አሠራር ይልቅ ጊዜ ወሰደ፤ ሰው ለራሱ ነጥብ መቸኮሉ አይቀርምና።

የማጣሪያው ቀን ቅዳሜ ነበር። ተጋጣሚዎቹ ካሤና ጓደኛው፣ ሁለቱም አስተማሪዎች፣ ከማሠልጠኛ ጀምሮ አብረው የተጫወቱ ናቸው። ነጥብ የምይዘው እኔ ነበርሁ። ጨዋታው ሊጀመር ሲል በበሩ ነጭ ጥምጣም ገባ። መሪጌታ ናቸው፤ ባንቺ ጋብዛቸው ኖሯል። ቢሆነኝ አባቱን አየና ራኬቱን ወደ ቀኝ እጁ አዛወረ።

የመጀመሪያው ጨዋታ ሃያ አንድ ለአሥራ አንድ ተሸነፉ። ልጁ እንደ ድሮው በአማቱ ጀርባ ሲሮጥ አንዴ ከግድግዳው ጋር ተላተመ።

"ጋሽ ቅጣው፣ ሣጥን ይዘዋል ወይስ እናምጣ?" አለ ከኋላ አንዱ። አዳራሹ ሳቀ።

ጋሽ ቅጣው ላባቸውን ጠርገው በቀጥታ ወደ መሪጌታ ሄዱ።

"የኔታ፣ ልጅዎ እርስዎን ፈርቶ በማይሆነው እጁ እየተጫወተ ነው።"

"በየትኛው?"

"በቀኙ።"

መሪጌታ ጭራቸውን ካንዱ እጅ ወደ ሌላው አደረጉት። "እኔ ያሰርሁት እንዲጽፍበት፣ እንዲያማትብበት፣ ማዕድ እንዲነካበት ብዬ ነው። ይኸ ማዕድ ነው?"

"አይደለም የኔታ። ጣውላ ነው።"

"እንግዲያ እኔን ምን ቸገረኝ?" አሉና ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። "አንተ! እኔን አትየኝ። ኳስህን እይ።"

ቢሆነኝ ራኬቱን በግራው ያዘ። "ግራኝ መጣ!" ተብሎ ተጮኸ። ካሤ ግራ ገባው፤ ኳሱን ልጁ ያቅተዋል ወዳለው ጥግ ሲልክ ልጁ እዚያው ቆሞ ይጠብቀዋል። ሁለተኛውን ጨዋታ ሃያ አንድ ለአሥራ ሰባት አሸነፉ።

በሦስተኛው አሥራ ዘጠኝ ለአሥራ አምስት ከመሩ በኋላ ጋሽ ቅጣው ተለወጡ። ሁለት ኳስ ከፍ ብሎ መጣላቸው፤ ሁለቱንም ባለ በሌለ ኃይላቸው መትተው መረብ ላይ ጣሉት። ባሕር ዳር ቅርብ መስሎ ሲታያቸው ልጁን ያስተማሩትን እሳቸው ረሱት። ሌላም ሁለት ነጥብ ሄደ። አሥራ ዘጠኝ እኩል ሆነ።

ቢሆነኝ ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብሎ በአገሩ ቋንቋ በኽምጥኛ አንድ ነገር አለ። ለአማቱ እርማት ሲሰጥ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ጋሽ ቅጣው አፍጥጠው አዩት። ከዚያ "ልክ ነህ" አሉ፣ በአማርኛ፣ ሁላችንም እንድንሰማ።

ቀጣዩን ነጥብ አገኙ፤ ሃያ ለአሥራ ዘጠኝ። በመጨረሻው ላይ ካሤ ተሳስቶ ኳሱን ለጋሽ ቅጣው ከፍ አድርጎ ሰጣቸው። አዳራሹ በሙሉ ይመቱታል ብሎ ትንፋሹን ዋጠ። እሳቸው እንደ ብርጭቆ ነካ አደረጉትና መረቡን ተሻግሮ እዚያው አጠገቡ ወደቀ፤ ወዲያውም ወደ ግራ ወጡ። የካሤ ጓደኛ ጠረጴዛው ላይ ተንጠራርቶ ከመሬት እንዳይደርስ ብቻ ወደ ላይ አነሳው። ቢሆነኝ በግራው ጨረሰው።

ሰው ሲያጨበጭብ ጋሽ ቅጣው መሪጌታን ፈለጉ፤ ለማኅሌት ደርሶባቸው ወጥተው ሄደዋል። የስፖርት ኮሚቴው የመመዝገቢያ ቅጽ አመጣ። ስም፣ ዕድሜ፣ መሥሪያ ቤት፤ ከታች ደግሞ የሚጫወትበት እጅ ይላል። ቢሆነኝ እዚያ ላይ ሲደርስ እስክሪብቶው ቆመ።

"ጻፍ እንጂ" አሉ አማቱ።

ቢሆነኝ በቀኝ እጁ፣ አባቱ ባስተማሩት ቆንጆ ፊደል፣ "ግራ" ብሎ ጻፈ። ጋሽ ቅጣው ከራሳቸው ስም አጠገብ ፈረሙና ወደ ኮሚቴው ዞሩ።

"አውቶብሱ በስንት ሰዓት ነው የሚነሣው?"