የተሰፋ ኪስ

የንግድ ፈቃድ የሚሰጠው ሰውዬ ሳቂታ ነው። ሰፊ ግራጫ ኮት ለብሷል፤ ቁልፎቹን እንደ ሐብል አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል፤ መሐረቡን እጅጌው ውስጥ ወትፏል። ሱቅ ሊከፍቱ የመጡት ሴትዮ ግን፣ ያለ እጅ መንሻ ነገሩ እንደማይሆን ጎረቤት መክሯቸዋል። ወረቀታቸውን ሊያይ ጎንበስ ሲልላቸው፣ "ለሻይ ትሁንህ ልጄ" ብለው ፖስታቸውን ወደ ኮቱ ኪስ ሰደዱ። ኪሱ አልከፈት አላቸው። ሌላኛውን ሞከሩ፤ እሱም ያው ነው። ሰውዬው እንደተኮረኮረ ሕፃን ይንከተከት ጀመር።

"አይድከሙ እናቴ፣ ሁሉንም ሰፍቻቸዋለሁ።"

እሳቸውም ሳቃቸው አመለጣቸው። "ታዲያ ኪስ የሌለው ኮት ምን ያደርግልሃል? አትጥለውም?"

ፈቃዳቸው ላይ ማህተሙን ደለቀው።

"የአባቴ እኮ ነው! እሱን ያሳሰረው ኪሱ ነው እንጂ፣ ኮቱማ ምን አጠፋ?"