«ደህና ናት» ያልኩበት ስልክ

ይህን ነገር ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ የነገርኳቸው ጫፉን ብቻ ነው። «አባ፣ በጓደኛዬ ቀናሁ» አልኳቸው። እሳቸውም ቅናት የሰው ሁሉ ደዌ ነው ብለው አርባ ስግደት ሰጡኝ። ሰገድኩ። ነገር ግን የነገርኳቸው የቀናሁትን እንጂ ያደረግኩትን አይደለም። እግዚአብሔርን በግማሽ ኑዛዜ ማታለል ይቻላል ብዬ ይሆን? እናንተ ግን ሙሉውን ስሙኝ።

አገሬ ደብረ ማርቆስ ነው። አዳማ የመጣሁት ባል ተከትዬ ነው። ባሌ ልጅ አልወለድኩለትምና ሌላ ቤት ሠራ፤ እኔም ወደ አገሬ አልተመለስኩም። ምን ይዤ ልመለስ? ከአዳማ ወጣ ብሎ መልካሳ የቦሎቄ ዘር ለቀማ ገባሁ። ከነጩ ዘር መሐል ዥጉርጉሩን እያዩ ማውጣት ነው ሥራው። ከዲንቄ ጋር የተገናኘነው እዚያ ነው። የመቂ ልጅ ናት፤ ባሏ ፈይሳ የሽንኩርት ደላላ ነው፣ መኪና ሲያስጭን የሚውል ሰው። አዳማ ውስጥ አንድ ግቢ ተከራይተን ጎረቤት ሆንን። ትንሽ ስለምበልጣት «እትዬ» ትለኛለች። ጠዋት በሬን ቆርቁራ በኦሮምኛዋ «አካም ቡልቴ እትዬ?» ብላ እንዴት አደርሽ ሳትለኝ ፊቷን አትታጠብም ነበር።

እሷም ስድስት ዓመት አልወለደችም። እውነቱን ልናገርና፣ የወደድኳት ስለዚህ ነው። ሰው «ሁለት መካኖች በአንድ ግቢ» እያለ ሲያማን እኔ አንገቴን እደፋለሁ፣ እሷ ትስቃለች። «ተዪያቸው፣ የኛ ማኅፀን አልታመመም፤ ሥራ ፈት ነው እንጂ። አንድ ቀን እንደ ሰው ወጥቶ ሥራ ይፈልጋል» ትለኛለች። ጸበል አብረን እንሄዳለን። ጎን ለጎን ቆመን አንድ ልመና እንለምናለን። እኔ ግን ልመናውን ስለምን በስርቆት አያታለሁ፦ እሷ ቀድማ ብትሰማስ?

ከዚያ ደም በዛባት፤ ሆዷም በአንድ ወገን አበጠ። አዲስ አበባ ተላከች። ፈይሳ መንገድ ላይ ስለነበር አስታማሚ ሆኜ የሄድኩት እኔ ነኝ፤ ካርዱ ላይ የተጻፈውም የኔ ስልክ ነው። አንደኛው የእንቁላል ማፍሪያዋ ከነእጢው ወጣ፣ ሌላው ቀረላት። እሷ ከቀዶ ጥገና ክፍል ስትወጣ አለቀስኩ። ለቅሶዬ ውሸት አልነበረም። ነገር ግን ከሥሩ አንድ የረጋ ነገር ነበር፤ «ከእንግዲህ አትቀድመኝም» የሚል።

ሦስት ወር ቆይቶ ሐኪሙ ደወለ፣ ለብቻዬ እንድመጣ። እንደምታውቁት በኛ ዘንድ ክፉ ወሬ ለታማሚው አይነገርም። ለአስታማሚው ይነገራል፤ አስታማሚው ጊዜ መርጦ፣ አለሳልሶ ያደርሳል። ሐኪሙም የዚሁ አገር ልጅ ነው።

«እህቷ ነሽ?» አለኝ።

«እንደ እህቷ ነኝ።»

እጢው እምብዛም የማይገጥም ዓይነት ነው አለኝ። ናሙናው ውጭ አገር ተልኮ ሲመረመር፣ በእጢው ዘረመል ላይ አንዲት ፊደል ተለውጣ ተገኝታለች። ከእናቷ የወረሰችው አይደለም፣ ለልጅም አታወርሰውም፤ እዚያው እንቁላል ማፍሪያዋ ውስጥ የበቀለ ነው። «ልጅ የከለከላትም ይኸው ሳይሆን አይቀርም፤ ሆርሞን ያመነጫል። አሁን ልትወልድ ትችላለች» ብሎ ፈገግ አለ። ደስ ይላታል ብሎ ነው። ቀጥሎ ግን ወረቀቱን አስቀመጠ። «ይሄ ዓይነቱ ችኩል አይደለም። አስርም አስራ አምስትም ዓመት ተኝቶ ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ በየዓመቱ ደሟም ይመረመራል፣ አልትራሳውንድም ትነሣለች፤ ዕድሜ ልኳን። ቶሎ ካገኘነው እናወጣዋለን። በርታ ስትል አስረጂያት። ገባሽ?»

ገባኝ። ከኔ የበለጠ ለማን ይገባል? ነጭ ዘር ውስጥ አንዲት ዥጉርጉር ፍሬ ብትቀር በመጀመሪያው ዓመት አትታይም፤ ዓመታት አልፈው ነው ማሳውን የምትሞላው። ስለ አንዲት ፍሬ አዲስ ለቃሚዎችን የማስለቅስ እኔ ነኝ። እና አላወቅኩም አልላችሁም።

ልነግራት ነበር፤ ይህን እንኳ እመኑኝ። እስክትበረታ ብዬ አንድ ወር ቆየሁ፣ ሁለት ወር ቆየሁ። ከዚያ አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ፣ ልጀምርላት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

«እትዬ፣ ሥራ ፈቱ ሥራ ያዘ» አለችኝ።

አልገባኝም። እጄን ይዛ ሆዷ ላይ አደረገችው። አፌ እልል አለ። ከአንገት በላይ እልል አልኩ፤ ከአንገት በታች ያለው ሁሉ ደረቀ። አብረን ለምነን ለእሷ ብቻ? በሽታዋን እንኳ ቀናሁባት። የሷ መካንነት ስም ነበረው፣ ተቆርጦ የሚወጣ ነገር ነበረው። እኔን ስንት ሐኪም አይቶኝ «ምንም የለብሽም» አለኝ። ምንም የሌለባት እኔ ባዶ፣ እጢ የነበረባት እሷ እናት። እንዲህ ብዬ ፈጣሪን ከሰስኩት፤ እኔ፣ ሰባቱን አጽዋማት አንድ ቀን ሳላፈርስ የምጾመው።

ነገሩን ዋጥኩት። ለራሴ «ነፍሰ ጡር ማስደንገጥ አይገባም» አልኩ። ስትወልድ «አራስ ናት» አልኩ። ልጅቷን፣ ሲፈንን፣ ክርስትና እንዳነሣላት የጠየቀችው እኔን ነው። በሰማንያ ቀኗ ታቅፌያት ቆምኩ። ለቀናሁባት ሕፃን በእግዚአብሔር ፊት እናት ልሆናት ቃል ገባሁ፤ በዚያው አፌ።

ያ ስልክ የተደወለው ከዚህ በኋላ ነው። ሰኞ ነበር፣ ለቀማ ላይ ነኝ። ዲንቄ ሕፃኗን ልታሳየን መጥታ ሴቶቹ በረንዳው ላይ ከብበዋታል። «ይህች ማንን መሰለች? አፍንጫዋ የፈይሳ ነው» ትላለች አንዷ። «ይቅርባት፣ የፈይሳ አፍንጫ ከሰውየው ቀድሞ ገበያ ይደርሳል» ትላለች ሌላዋ። ዲንቄ ከሁሉም በላይ ትስቃለች። ወደ እኔ የዞረ ሰው አልነበረም። ስልኬ ጮኸ።

«የዲንቄ አስታማሚ ነሽ? ከሆስፒታል ነው። የዓመት ክትትሏ አልፏል፤ ለምን ቀረች?»

አሥር እርምጃ ነበር በመካከላችን። ስልኩን ወስጄ ጆሮዋ ላይ ማድረግ እችል ነበር። እጄ አልታሰረም፣ ምላሴ አልታሰረም። ልጇን ደረቷ ላይ ስታስጠጋ አየኋትና «ደህና ናት» አልኩ። «እዚሁ አዳማ ሐኪም ይዛለች፣ እየታየች ነው።»

«ጥሩ፣ እመዘግበዋለሁ» አለች ሴትየዋ።

ይኸው ነው ሥራዬ። ማንም አላስገደደኝም፣ ሰይጣንም አላዞረኝም፤ እኔ ነኝ ያልኩት። በዓመቱ ደግመው ደወሉ፤ ደግሜ «ደህና ናት» አልኩ። ከዚያ ወዲያ አልደወሉም። እንድትሞት ፈልጌ ነበር? ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ ራሴን ጠየቅኩት። አልፈለግኩም። የፈለግኩት እኔ የማውቀው፣ እሷ የማታውቀው ነገር እንዲኖር ነው። እሷ ልጇን ስትታቀፍ እኔም የምታቀፈው ነገር አማረኝ፤ የሷን ሞት ታቀፍኩ። በየዓመቱ የሲፈን ልደት ሲደርስ «ይኸው ምንም አልሆነችም» እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። ሐኪሙ ችኩል አይደለም ማለቱንም እያወቅኩ።

አስራ አንድ ዓመት ሞላ። ዘንድሮ ፍልሰታ ላይ ቀሚሷ ጠበባት። ለቃሚዎቹ «ደግሞ አረገዝሽ እንዴ አንቺ፣ ማረፊያም የለሽ» ብለው ይቀልዱባት ጀመር፤ እሷም አብራ ትቀልዳለች። እኔ አልሳቅኩም። ይዣት አዲስ አበባ ሄድኩ። እጢው ተመልሷል፤ ሆዷ ውስጥ ሦስት ቦታ ተበትኗል። አዲሷ ሐኪም ፋይሏን ገለጠች።

«አዳማ የት ነበር የምትታዪው?»

«ኧረ የትም» አለች ዲንቄ፣ ግራ ገብቷት።

«በየዓመቱ እንድትመጪ ተነግሮሻል ይላል። ታዲያ ለምን ቀረሽ?»

ዲንቄ ወደ እኔ ዞረች። «እትዬ፣ ነግረውን ነበር እንዴ?»

«ትዝ አይለኝም» አልኩ። ሦስተኛው ውሸቴ ይህ ነው።

አመነችኝ። ብትጠረጥረኝ እንዴት በተሻለኝ። «ያኔ ፈዝዤ ነበር፣ ነግረውኝ ረስቼው ይሆናል» ብላ በራሷ ላይ ደመደመች። ቤት ስንገባ ፈይሳ ደንግጦ ተቆጣ፤ «የሽንኩርት መጫኛ ቀን አንድም ሳይጠፋብኝ የምውለው እኔ አንቺን አምኜ ተቀመጥኩ? የራስሽን ነፍስ እንዴት ትረሻለሽ?» አላት። እሷም ሲፈንን አጠገቧ አስቀምጣ፣ «እናትሽ ዝንጉ ስለሆነች ነው፤ አንቺ እንደኔ እንዳትሆኚ» ስትላት ሰማሁ። ልጅቷ በእናቷ ተናዳ አለቀሰች። እኔ እዚያው ተቀምጬ ነበር፤ የክርስትና እናቷ።

ትናንት ዲንቄ ከቤተ ክርስቲያን መጣች። «ተናዘዝኩ እትዬ፣ ቀለለኝ» አለችኝ። «ራሴን ችላ ብዬ ልጄን እናት ላሳጣት ነው አልኳቸው።»

የኔን ኃጢአት የራሷ አድርጋ ተናዘዘችው።

ቀዶ ጥገናው ሐሙስ ነው። ልቤ ከወዲሁ «ታማሚ ማስደንገጥ አይገባም፣ ከዳነች በኋላ ይደርሳል» እያለ መምከር ጀምሯል። ይህን ምክር አውቀዋለሁ፤ ነፍሰ ጡር ናት፣ አራስ ናት ያለኝ እሱው ነው። ከዳነች በኋላ ቢባል፣ ባትድንስ? ረሳሁት ብላ ራሷን እየከሰሰች ልትሞት?

ስለዚህ ይህን ጽፌ ስጨርስ ግቢውን እሻገራለሁ። ፈይሳ አለ፣ ልጅቷም አለች፤ በሁለቱም ፊት እናገራለሁ። ይቅር በሉኝ አልላችሁም፣ የበደልኩት እናንተን አይደለም። እሷንም አልለምናት፤ ሕመሟ ላይ የኔን ልመና ልጨምርባት አልፈልግም። የምነግራት ይህን ነው። ዲንቄ፣ አንቺ ምንም አልረሳሽም። አልተነገረሽም። ያልነገርኩሽ እኔ ነኝ።