አንደኛው ባንክ፣ አርባ አንደኛዋ ጋራዥ

የጂኦግራፊው መምህር ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያስተምር ተማሪዎቹ ያወጡለት ስም አንድ ብቻ ነው፤ «ደረጃ አውጪው» ይሉታል። እንደሚሉት ያውቃል፤ አይከፋውም። እንዲያውም በሆዱ ደስ ሳይለው አይቀርም። ፈተና አርሞ፣ ውጤት ደምሮ፣ ልጆቹን ከአንደኛ እስከ መጨረሻ ሲደረድራቸው ዓለም ቦታ ቦታዋን የያዘች ይመስለዋል። ትልቅ ሰው ሲተዋወቅ እንኳ ከስም ቀጥሎ የሚጠይቀው «ተማሪ ቤት ስንተኛ ነበርክ?» ብሎ ነው። ጎረቤቱ የሆነው የጥርስ ሐኪም አንድ ቀን ሳያስበው «አሥራ ሰባተኛ» ብሎ ከመለሰለት ጀምሮ፣ መምህሩ ጥርሱን ባመመው ቁጥር ታክሲ ተሳፍሮ ሌላ ሰፈር ይሄዳል።

ትምህርት ቤቱ የስምንተኛ ክፍል ልጆች ሦስት ቀን መሥሪያ ቤት ውለው ሥራ ምን እንደሚመስል እንዲያዩ ሲወስን፣ ርዕሰ መምህርቷ ጉዳዩን ለእሱ ሰጠችው።

«ልጆቹን ምን እንደሚወዱ ጠይቃቸውና በዚያ መድባቸው፤» አለችው።

እሱ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ የሚወደውን ምን ያውቃል? መሥሪያ ቤቶቹን በክብራቸው፣ ልጆቹን በውጤታቸው ደርድሮ ሁለቱን ዝርዝር ጎን ለጎን ገጠማቸው። አንደኛው ባንክ፣ ሁለተኛዋ ሆስፒታል፣ ሦስተኛው ፍርድ ቤት፤ እንዲህ እያለ ወርዶ ወርዶ፣ ማተሚያ ቤቱንና ዳቦ ቤቱን አልፎ፣ አርባኛውና አርባ አንደኛዋ ጋራዥ ገቡ። አርባ አንደኛዋ በደስታ ልትፈነጥዝ ምንም አልቀራት፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያገኘችውን ሁሉ ፈታትታ መግጠም የምትወድ ልጅ ናት። እሱ ቅጣት የሰጣት መስሎት ጭራሽ አዘነላት።

አንደኛ የወጣው ደግሞ የገዛ ልጁ ነው።

«ሰው ምን ይላል?» አለችው ሚስቱ።

«ምን ይላል? በደረጃ ነው የመደብኩት! አንደኛ መውጣቱ ጥፋት ሆነ እንዴ?»

ፊቱን ኮስተር ያድርግ እንጂ ልቡ ባንኩ ውስጥ ከገባ ሰንብቷል። ሥራ አስኪያጁ ልጁን አንዴ ካየው፣ ስሙን ከያዘው፣ ነገ ከነገ ወዲያ «ያ ጎበዝ ልጅ የት ደረሰ?» ማለቱ አይቀርም። ልጁ እንደ አባቱ ሲመሽ ከኮቱ ላይ የጠመኔ ብናኝ እያራገፈ እንዲኖር አይፈልግም። ሌላ ምኞት የለውም፤ ያለው ይህ ብቻ ነው። ስለዚህ የሰርጉን ኮት አውጥቶ በልጁ ልክ አስጠበበ። እጅጌውን ማሳጠር ግን ጨርቁን ማባከን ነው ብሎ ተወው።

በመጀመሪያው ቀን ልጁ ፊቱ በርቶ መጣ።

«አባዬ፣ በጣም ደስ ይላል! ጋሼ ብዙ ነገር አሳየኝ።»

በአንድ ቀን ሥራ አስኪያጁን «ጋሼ» እስከ ማለት ደርሷል! የመምህሩ ልብ ጮቤ ረገጠ። በማግስቱ ደግሞ ልጁ ጫማውን እያወለቀ ያወራ ጀመር።

«ብድር ሊጠይቅ የመጣ ሰው ገና ከሩቅ ያስታውቃል። ፋይሉን ደረቱ ላይ አቅፎ ነው የሚይዘው። ጋሼ ‹እንደዚያ ያለውን ሰው ረጋ ብለህ አነጋግረው፤ ልቡ ተሰቅሏል› ብሎኛል።»

«ሰማሽ?» አለ አባት ወደ ሚስቱ ዞሮ። «ብድር ክፍል አስገብተውታል!»

«እግሩ ለምን አበጠ ታዲያ? ባንክ ቤት ወንበር የለም?»

«ሥራ በዝቶበት ነዋ!»

በመምህራን ማረፊያ ክፍል አላስቀምጥ አላቸው። ብድር ክፍል፣ ብድር ክፍል፤ ሌላ ወሬ የለም። የሒሳብ መምህሯ ገና ሲገባ ስታየው ደብተሮቿን ሰብስባ ትወጣለች። በዚህ መሐል የጋራዡ ባለቤት ደውሎ «ያችን ልጅ ለክረምትም ላኩልኝ» ቢለው፣ ይሄ ሰው ምን ዓይነት የሰው ኃይል እጥረት ቢገጥመው ነው ብሎ ስልኩን ዘጋ።

በሦስተኛው ቀን ርዕሰ መምህርቷ የምስጋና ደብዳቤ ሰጥታ ወደ ባንኩ ላከችው። ሥራ አስኪያጁን ከልጁ ጋር ፎቶ አንስቶ፣ ከሰዓት በኋላ ሪፖርቱን እንዲያስረክብ ነው። ደረቱን ነፍቶ ሄደ። ባንኩ በር ላይ ሲደርስ የሰርግ ኮቱን አየ። ልጁ እጅጌው ጣቶቹን ሸፍኖት፣ የአንዲት አሮጊት ቦርሳ ይፈትሻል።

«ይለፉ እማማ። ሦስተኛው መስኮት ዛሬ ሠራተኛ የለውም፤ በቀጥታ ወደ አምስተኛው ይሂዱ።»

አጠገቡ የደንብ ልብስ የለበሰ ጥበቃ ቆሞ በኩራት ያየዋል። መምህሩ ሁለቱንም አልፎ ሽቅብ ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ወጣ። ልጁን ያስተዋወቀበት ደብዳቤ ጸሐፊዋ ጠረጴዛ ላይ፣ ሳይከፈት፣ የሻይ ብርጭቆ ተቀምጦበታል።

«ተማሪ?» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ያ ልጅ ተማሪ ነው እንዴ? እኔ እኮ የጥበቃው ልጅ መስሎኝ ሁለቴ ሻይ አስመጣሁት! ቀልጣፋ ነው መቼም።»

መምህሩ ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። የልጁን እጅ ይዞ ለመሄድ ወደ በሩ ሲወርድ ጥበቃው ቀጥ ብሎ ቆመለት።

«መምህር፣ ደህና ነዎት? አላወቁኝም አይደል?»

አላወቀውም።

«ስምንተኛ ክፍል አስተምረውኛል። አንደኛ ነበርኩ፤ ክፍሉ ፊት አቁመው አስጨብጭበውልኛል። አባቴ ሲሞት ነው ያቋረጥኩት።» በድምፁ ቅሬታ የሚባል ነገር አልነበረበትም። «ልጅዎ መሆኑን ሲነግረኝ በጣም ደስ አለኝ። የማውቀውን ሁሉ አሳይቼዋለሁ።»

መምህሩ አፈረ። መጨረሻ የወጡትን ቢረሳ አይደንቀውም፤ አንደኞቹን ግን አንድ በአንድ የሚያስታውስ ይመስለው ነበር። ትምህርቱን ሲያቋርጥ የት ሄደ ብሎ አልጠየቀም፤ ሁለተኛውን ወደ አንደኛ አሸጋግሮ መስመሩን ሞላ እንጂ።

ሥራ አስኪያጁ ለፎቶው ክራቫቱን እያስተካከለ ወረደና እጁን ልጁ ትከሻ ላይ ጣል አደረገ።

«አንተ ፈቀቅ በል፣ ፎቶው ውስጥ ገባህ፤» አለው ጥበቃውን።

ልጁ አባቱን አየው። «እሱም ይግባ» ማለት ሁለት ቃል ነው፤ መምህሩም ጉሮሮው ድረስ መጥቶለት ነበር። ግን የልጁን ነገ አሰበ፣ የሥራ አስኪያጁን ፊት አየ፣ ስልኩን ቀና አድርጎ አነሳቸው። ጥበቃው ግድግዳውን ተጠግቶ፣ እሱም የሚነሳ ይመስል ፈገግ ብሎ ቆሞ ነበር።

ትምህርት ቤት ሲመለሱ ልጁ የሞላውን ቅጽ አቀበለው። «ሥራውን ያሳየው ሰው» በሚለው ቦታ ላይ «የጥበቃ ሠራተኛው ጋሼ» ብሎ በእርሳስ ጽፏል። መምህሩ ላጲስ አነሳ፤ አጠፋውና በላዩ «ሥራ አስኪያጁ» ብሎ ጻፈ።

ልጁ ኮቱን አውልቆ ወንበሩ ላይ አስቀመጠ።

«አባዬ።»

«እ?»

«እሱንም የረሳኸው እንደዚህ አድርገህ ነው?»

መምህሩ ላጲሱን አስቀምጦ እስክሪብቶ አነሳ። ርዕሰ መምህርቷ ሪፖርቱን ፈልጋ በሩ ላይ ቆማለች፤ ፈረመበትና ሰጣት።