ለመስቀል የተለቀለቀ ግድግዳ

ከባሕር ማዶ የሚመጡትን የወባ ሐኪሞች ከቡሬ እየመራ አገሩን የሚያዞረው አስተርጓሚ፣ አስካለ ማርያም ከምትባል እናት ደጃፍ ሲደርስ ባርኔጣውን አወለቀ። የካኪ ኮቱ ቁልፎች ራሱ አጣሞ እንደሰፋቸው ያስታውቃሉ።

ሰኔ ላይ የወባ መድኃኒት የተረጨውን ግድግዳ እሷ ለመስቀል በእበት ለቅልቃዋለች። አብሮት የመጣው ፈረንጅ ሐኪም በጥፍሩ ጫር አድርጎ አየና ፊቱ ቀልቶ ብዙ ተናገረ።

«ምን አሉ?» አለች ፈራ ብላ።

«መድኃኒቱ ከእበቱ ሥር ተቀብሯል፤ ትንኟ እንደ ልቧ ታርፍበታለች ነው የሚሉት» አላት፣ የሐኪሙን ቁጣ ለራሱ አስቀርቶ።

«ለበዓሉ ቤቴን ላሳምር ብዬ እኮ ነው ጌታዬ!»

ይህን ለፈረንጁ አላስተረጎመለትም። መደቡ ላይ ወደተኛው ሕፃን ልጇ ጎንበስ ብሎ ግንባሩን በእጁ ጀርባ ዳሰሰው። ትኩሳት አልነበረውም። እጁን ግን ቶሎ አላነሳም።

«አይዞዎት እመቴ፣ እንደገና ይረጫል» አላት ቀና ሲል። «አምና ለመስቀል የኔም ቤት እንዲህ አምሮ ነበር።»

«ልጆችዎ ደኅና ናቸው?»

ባርኔጣውን እስከ ቅንድቡ ደፋው።

«ግድግዳው እስከ ዛሬ እንዳማረ ነው፤ የሚያቆሽሸው ልጅ የለም» አላትና ወጣ።